ማንም ሳያዛት የዞረች መኪና

ሞተሩ በራሱ ዞረ።

መኪናዋን ጭኔ ላይ አስተኝቻት ነበር። በጀርባዋ ተገልብጣለች፤ ጎማዎቿ ወደ ጣራው ናቸው። እኔ አካሏን በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ይዣለሁ፤ ልጄ ደሳለ ደግሞ በሁለት ወስፌ ከሞተሩ ዘንግ ላይ የተጣበቀች አንዲት ነገር ሊነቅል ይታገላል። ቀትር ነው። ዝናቡ አባርቶ ከማሽላው ውስጥ እንፋሎት ይወጣል። ወፍ እንኳ አይጮህም። በዚያ ጸጥታ መካከል መኪናዋ እርርርር አለች። ድምጿ አጭር ነበር፤ ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው። ከዚያ ዝም።

«አንተ ነህ?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም እማ። ማዘዣው የት አለ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነዋ። አንተው አይደል ያስቀመጥከው?»

«ባትሪ ድንጋይ አለበት?»

«ከየት መጥቶ! አውጥተህ ለእሷ አጎረስካት እኮ።»

ሁለታችንም ዞረን ሳጥኑን አየነው። እንደተዘጋ ነው፤ በላዩም የሰፌዴ አክርማ ተቀምጧል። መኪናዋ እንደገና እርርርር አለች፤ አሁን ረዘም አድርጋ። የኋላ ጎማዎቿ ዞሩ፣ ቆሙ፣ ደግሞ ዞሩ። ከሩቅ ሆኖ የሚያዛት ሰው ያለ ይመስላል። ያንን ማዘዣ በእጁ ይዞ ሲስቅ የማውቀው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አሰብ ከተቀበረ ቆይቷል።

«ጌታቸው» አልኩ ሳላስበው። የባሌ ስም ነው። ከሞተ ወዲህ በቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር።

ደሳለ ግን አባቱን አላሰበም። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። «እማ፣ ይቺ የምትሰማው ሬዲዮ ነው። ሰው በመገናኛ ሬዲዮ እያወራ ነው። ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ ነው።»

በእኛ አገር መገናኛ ሬዲዮ በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር ማን ነው? ወታደር ነው። አደጋው የገባኝ ያኔ ነው፤ ሞተሩ ጭኔ ላይ እየተንቀጠቀጠ።

በዚያ ዘመን እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁና ልመለስ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት አቅራቢያ፣ ክረምት ሲመጣ ማሽላ ውጦ የሚደብቃት አንዲት መንደር አለች፤ እዚያ ነበር ቤቴ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። ሰፌድና ሌማት እየሰፋሁ እኖራለሁ። ባሌ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። በመጨረሻ መጥቶ በሄደ ጊዜ ያቺን ቀይ የጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ ቁመቷ እንደ ጫማ ሣጥን፣ ጀርባዋ ላይ ቀጭን አንቴና የቆመላት፣ ከሩቅ በማዘዣ የምትነዳ። ለደሳለ ነው ይበል እንጂ የተጫወተባት እሱ ነው። ዶሮዎቹን እያባረረ ግቢውን ሲዞር ጎረቤቴ ዘሀራ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «ወላሂ ሾፌር አይቼ አላውቅም እንዲህ ያለ! እቤቱም ገብቶ መኪና ይነዳል!» ብላ ሳቀችበት። ያ ሳቅ የመጨረሻው ሆነ። አሰብ ላይ ትኩሳት ይዞት እዚያው ቀረ። ሬሳውን አላየሁም። መቃብሩንም አላውቀውም። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ የእሱ የሆነ ነገር በንፋስ ቢነቃነቅ እንኳ ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ደሳለ ቆቦ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ይለምድ ነበር። አፈሳው ሲበረታ፣ ወጣት ወንድ ከገበያም ከመንገድም እየታፈሰ በካሚዮን ሲጫን፣ እጁን ይዤ እቤት አስገባሁት። ክረምቱን ሙሉ ከደጅ አልወጣም። ያን የሚያህል ጎረምሳ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ መዋሉ ሊያሳብደው ሆነ። «እጄ ዛገ እማ» ይለኛል። በኋላ የአባቱን መኪና ከሳጥን አወጣና፣ «ጉልበት ልጨምርላት ነው። የማሽላ ክምር እንድትወጣ አደርጋታለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። ዝም ብሎ ግድግዳ ከሚያይ ይሻላል።

ሥራው ግን አንድ ቦታ ላይ ተያዘ። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ጥርስ ጥርስ ያላት ትንሽ ቀለበት አለች፤ ጋራዥ ውስጥ ፒኞን ይሏታል። ጎማውን የምታዞረው እሷ ናት። እሷን አውልቆ ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት ያወጣውን ጠንካራ ናስ ሊተካ ፈለገ። እሷ ግን እንደ ተወለደችበት ተጣብቃለች። ላምባ ውስጥ አሳደራት። ምስማር አግሎ አስነካት። በፒንሳ ሲስባት ፒንሳው እየተንሸራተተ ዳር ዳሯን በላት። ጭራሽ ደግሞ ሽቦዎቹ እንዳይበጠሱ ብሎ በሆዷ ውስጥ ቀብሮ በቀለጠ ፕላስቲክ ዘግቷቸዋል። ማጥፊያዋ ከተሰበረ ቆይቷል። ባትሪ ድንጋዩንም በመዳፉ እየደበደበ ነው የወተፈው፤ ጠቦታል። «እንዴት ልታወጣው ነው?» ብለው፣ «ኋላ አሞቀዋለሁ» አለኝ። ወጣት መሆን እንዲህ ነው፤ ማስገቢያውን እንጂ ማውጫውን አያስብም።

ያን ቀን ጠዋት ነው እንግዲህ የአልቦዬ ነገር ትዝ ያለኝ። ባሌ የሞተ ሰሞን እግሬ አብጦ ነበር። በሐዘን ላይ ጌጥ ነውር ነውና ሊያወልቁልኝ ቢሉ አልቦው አልወጣ አለ። ዘሀራ ቅቤ ቀብታ ከአንድ ወገን ስትጎትተው ሥጋዬን ነከሰኝ። አክስቴ ይህን አይተው፣ «ከሁለቱም ወገን እኩል ካልሳባችሁት ጠምዞ ይነክሳል እንጂ አይወጣም» አሉ። አንዷ ከግራ አንዷ ከቀኝ ሆነው፣ እኩል፣ ቀስ ብለው ሲስቡት ሹልክ ብሎ ወጣ። ለደሳለ ይህንኑ ነገርኩትና ሁለት የሰፌድ ወስፌ ሰጠሁት። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ አስገብቶ እኩል ሲያነሳው፣ ያቺ እልኸኛ ፒኞን ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰች። ግማሽ መንገድ ወጣች። ልጄ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሞተሩ የዞረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛውን እርርርር ሳትጨርስ የዘሀራን ድምጽ ሰማሁ።

«ጭልፊት! ጭልፊት! ኡሽ! ጫጩቶቻችሁን ያዙ፣ ጭልፊት!»

በሰማይ ላይ ጭልፊት የለም። በመንደራችን አፈሳ ሲመጣ ሴቶች ለዶሮ እንደሚጮህ ሰው ይጮሃሉ፤ ቃላችን ነበር። እሷ የጮኸችው ከማሽላው ወገን ነው፤ ስለዚህ የሚያመልጥበት በር ተዘግቷል ማለት ነው።

«ወደ ጉድጓዱ» አለ ደሳለ።

«አይሆንም!»

የእኛ ቆላ ሰው ማሽላውን በጉድጓድ እንደሚያስቀምጥ ለማያውቅ ልንገር። አፉ ጠባብ ነው፤ ሰው ትከሻውን አጥብቦ የሚገባበት ያህል። ሆዱ ሰፊ ነው። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይገጠምና ዙሪያው በጭቃ ይለሰናል። የእኛ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሌላ ጊዜ ደሳለን የምደብቀው እዚያ ነው፤ ከቀድሞው እህል ከሥሩ ጥቂት ብቻ ቀርቶበት ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ዝናብ ሰርጎ ገብቶ የቀረውን ማሽላ አፈላው። ጠዋት ስከፍተው እንደ ጠላ ድፍድፍ ያለ ሽታ ፊቴን መታኝ። ኩራዝ በገመድ ባወርድ ከወገቡ ሳያልፍ እፍ እንዳሉት ጠፋ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የገባ ሰው ጮሆ እንኳ አይሞትም፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ቁጭ ይላል። እሱን ሊያወጣ የገባ ሁለተኛውም እንዲሁ። በአገራችን የዚህ ዓይነት ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የለም።

«ኩራዙ ጠፍቷል እኮ ልጄ! እሳት ያልኖረበት ሰው አይኖርበትም!»

«ሥር አልወርድም። አንገቱ ላይ እቆያለሁ፤ በጀርባዬና በእግሬ ግድግዳውን ገፍቼ። ላይ ላዩ ይሻላል።» መኪናዋን ሸሚዙ ውስጥ ከተታት። «ይቺን እዚህ ካገኙማ፣ አንቴናዋን አይተው የወንበዴ ሬዲዮ ነው ይላሉ። አንቺንም ይወስዱሻል።»

እውነቱን ነው። ዋጃ ላይ ጣራው ላይ ሽቦ ዘርግቶ ሬዲዮ ያዳመጠ አንድ ልብስ ሰፊ እንዴት እንደሄደ እናውቃለን።

ወረደ። አንዱ ወስፌ መኪናዋ ላይ እንደተሰካ ከእሱ ጋር ሄደ፤ ሌላው እኔ እጅ ቀረ። ድንጋዩን ገጠምኩበት። የገዛ ልጄን ፊት በድንጋይ ስከድን ዓይኑ ዓይኔን እያየ ነበር። ጭቃ ለሰንኩ፣ ግማሽ ማሽላ የያዘ ጆንያ ጎትቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ወስፌውን ጸጉሬ ውስጥ ሰካሁና ወፍጮዬ ሥር ተንበረከክሁ። ጉልበቴ መሬት ሲነካ ጥላቸው በሩ ላይ ወደቀ።

ሦስት ናቸው የገቡት። አንድ ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ሬዲዮ የተሸከመ ወታደር፣ እና መንገድ የሚመራቸው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ አያ ይመር። አያ ይመርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ጠመንጃ አንግቷል፤ ጠመንጃ ያነገተን ሰው አውቀዋለሁ ማለት ይከብዳል።

«ወንድ የለም እዚህ ቤት?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ባሌ ሞቷል ጌታዬ።»

«ልጅስ?»

«ቆቦ ጋራዥ ነው የሚውለው።»

«ሁሉም እናት ልጇ ቆቦ ነው ያለው» አለና ሳቀ። «ቆቦ ስንሄድ ደግሞ ሁሉም ገጠር ናቸው። እንግዲህ መንገድ ላይ እየተላለፍን ነው።»

አልጋ ሥር አዩ። ቆጡን በጠመንጃ አፈሙዝ ነካኩ። ሬዲዮ ተሸካሚው ደክሞታል፤ ልጅ እግር ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ከነሬዲዮው ዘፍ ብሎ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

ልጄ አናት ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ውሃ አለሽ?» አለኝ። ከቅል ቀድቼ ሰጠሁት። ግማሹን ውሃ ጉልበቱ ላይ አፈሰስኩበት። «አይዞሽ፣ አንበላሽም» አለ። ጠጥቶ ሲጨርስ መነጋገሪያውን አነሳ።

«ዋርካ፣ ዋርካ፣ ይሰማል?»

ከመሬት በታች፣ እርርርር።

ቶሎ ብዬ መጁን ያዝኩና ማሽላውን መፍጨት ጀመርኩ። ደንጊያ በደንጊያ ላይ እየጮኸ ያንን ድምጽ እንዲውጥልኝ ነው። ያለ ቅጥ ነበር የምፈጨው።

«ዋርካ፣ ይሰማል ወይ?»

እርርርር።

«ሴትዮ፣ እስኪ ቁሚ» አለ ሃምሳ አለቃው። መጁን ተውኩት። «ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?»

«እህሉ ነው ጌታዬ» አልኩ። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ጉድጓዱ ውሃ ገብቶበት እህሉ እየፈላ ነው።»

ሃምሳ አለቃው የደጋ ሰው ነው፤ ጉድጓድ አያውቅም። ወደ አያ ይመር ዞረ። «እህል ሲፈላ እንዲህ ያጉረመርማል?»

የአያ ይመር ዓይን መጀመሪያ ጆንያውን፣ ቀጥሎ ዙሪያውን የተለሰነውን እርጥብ ጭቃ፣ ከዚያ የእኔን እጅ አየ። ጭቃው ጣቶቼ ላይ ገና አልደረቀም። የማሽላ ጉድጓድ እንደማያጉረመርም የቆላ ሕጻን ያውቃል።

«ማጉረምረሙን ተወው» አለ አያ ይመር በመጨረሻ። «የሚያስፈራው ትንፋሹ ነው። እርጥብ ጉድጓድ ሰው ይገድላል። የእኛ ጎረቤት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንዱ ገባ፣ ሌላው ሊያወጣው ገባ፤ ሁለቱንም በአንድ ቃሬዛ ቀበርናቸው። ክፈት ካልከኝ እከፍታለሁ። ያ ወንድሜ ግን በመጀመሪያ ከዚያ ላይ ይነሳ።»

ሬዲዮ ተሸካሚው ምድጃ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ብድግ አለ። አንድ እርምጃ ራቀና ወደ ጆንያው ተመለከተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ሃምሳ አለቃ» አለ ዝቅ ባለ ድምጽ። «እኔ ስናገር ነው የሚጮኸው።»

«ምን አልክ?»

«ስናገር ይመልሳል። ዝም ስል ዝም ይላል። ስማ እስኪ።» መነጋገሪያውን ወደ አፉ አቀረበ። ዝንብ እንኳ ይሰማ ነበር። በዚያች ቅጽበት ለማን እንደጸለይኩ ልንገራችሁ፤ ለእግዚአብሔር አይደለም። ለባሌ ነው። «መኪናህን ያዛት። አንተ ሾፌር፣ ፍሬን ያዝባት» አልኩት በልቤ።

«ዋርካ፣ ዋርካ። ይሰማል?»

ዝም።

«ዋርካ። ይሰማል? ይሰማል?»

መሬቱ አልመለሰም። ከሬዲዮው የሩቅ ሰው ድምጽ፣ «ይሰማል፣ ቀጥል» አለ፤ ልጁ ግን የሚቀጥለው ጠፍቶበት ጆንያውን ያያል።

«ጸሐይ ነች አናትህን የመታችህ» አለ ሃምሳ አለቃው፤ እሱ ራሱ ግን ወደ በሩ ተጠግቷል። «ውጡ፣ ውጡ። የሴትዮዋ ጠላ ፈልቶ ነው።»

ወጡ። መጨረሻ የወጣው አያ ይመር ነው። ደፉ ላይ ቆሞ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «አበቡ፣ ጉድጓድሽን ቶሎ አናፍሺው» አለኝ። ይህን ሲል ከበታቻችን ድብ የሚል ድምጽ ተሰማ፤ ከባድ ነገር ጭቃ ላይ እንደወደቀ። አያ ይመር ሳል ያዘው። አስሎ አስሎ፣ እየሳለ ከወታደሮቹ ኋላ ሄደ።

ድብ ያለው ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። የልጄ እግር ከድቶት ሥር ወድቋል። ኩራዝ የጠፋበት ሥር።

እስከዚያ ድረስ ያንን ጉርምርምታ ስሰማ ውስጥ ውስጡን፣ «በሕይወት አለ» እል ነበር። ያኔ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። መኪናዋ ለመዞር ሕያው ሰው አያስፈልጋትም። ሬሳ ደረት ላይም ተኝታ ትዞራለች። እንግዲያውስ ያቺ ዝምታስ? ዝም ያሰኛት ማን ነው? እሱ ነው ወይስ ባትሪ ድንጋዩ አልቆባት ነው? ይህን እያሰብኩ ነው ጆንያውን የገለበጥኩት።

ድንጋዩ እንቢ አለ። ወታደሩ ከነሬዲዮው ተቀምጦበት፣ በእርጥቡ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ነክሷል። በዘነዘና ከአንድ ወገን ብፈነቅለው ዘሞ ጠምዞ ይብስ ገባ። ጥፍሬ ተነቀለ፤ አላመመኝም። ዘሀራ በአጥር ሾልካ ስትገባ ድንጋዩን እየተሳደብኩ አገኘችኝ።

«ያ ረቢ! አበቡ፣ የት አለ?»

«ከዚህ ሥር!»

ዶማ ይዛ ጎትታ ልትነቅለው ስትል እጇን ያዝኳት። «እንደ አልቦዬ!» አልኳት። «እንደ አልቦዬ ዘሀራ! አንቺ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። እኩል።»

ገባት። ዶማውን ከወዲያ፣ ዘነዘናውን ከወዲህ አስገባን። ዓይን ለዓይን ተያየን። «ቢስሚላህ» አለች፤ እኔም በስመ አብ አልኩ፤ እኩል ተጫንን። ጭቃው እንደ ሰው ከንፈር ጧ ብሎ ተላቀቀና ድንጋዩ ተነሳ። ያ የድፍድፍ ሽታ ወጥቶ ፊታችን ላይ ቆመ።

ውስጡ ጨለማ ነው። «ደሳለ!» ብዬ ዘልዬ ልገባ ስል ዘሀራ ወገቤን ጠፍራ ያዘችኝ። «ሁለተኛ ሬሳ ልታሸክሚኝ ነው? አናፍሽ! ጋቢውን አምጪ!» ጋቢውን በሁለት ጫፍ ይዘን በጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ እብድ አራገብን። እጣራለሁ። መልስ የለም። አራገብን። እጣራለሁ። የምጣራው የልጄን ስም ይሁን የአባቱን አላውቅም፤ ዘሀራ ኋላ፣ «ሁለቱንም ትጠሪ ነበር» ብላኛለች።

ከዚያ ከጨለማው ውስጥ አንዲት ነገር ተወርውራ ወጣች። መሬቱ ላይ ጠቅ ብላ ጉልበቴ ሥር ቆመች። አነሳኋት። ትንሽ ናት፤ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ላምባ ላምባ ትሸታለች፤ ደም ነክቷታል።

ፒኞኗ ናት።

ገመዱን ቋጥረን ወረወርን። «ከብብትህ ሥር! ከብብትህ ሥር አግባው ልጄ!» ገመዱ ላላ ሆኖ ቆየ። ኋላ ከበደ። እኔና ዘሀራ፣ ሁለት ሴቶች፣ እንዴት እንደጎተትነው እንጃ። ራሱ ወጣ፤ ትከሻው ወጣ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ከፊት ጥርሱ አንዱ ግማሹ የለም። ግቢው ውስጥ ማሽላው ሥር አጋደምነው፤ ሰማዩን እያየ በአፉ አየር ይጠጣ ነበር። መናገር ሲችል የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ወጣች» ነው።

«ጥርስህ የት ሄደ?» አለችው ዘሀራ እያለቀሰች።

«አንድ እጄ ግድግዳውን ይዟል» አለ። «ወስፌውም አንድ ነው። እማ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ብላለች። ሌላውን ወገን በጥርሴ ያዝኩት።»

ሬዲዮ ተሸካሚው፣ «እኔ ስናገር ነው የሚጮኸው» ሲል ልጄ ከድንጋዩ ሥር ሰምቶታል። ያኔ ነው የነከሳት። ፒኞኗ ስትወጣ ሞተሩ ባዶውን እንደ ትንኝ ሲያዜም ሸሚዙን ጠቅልሎ አፈነው። ያቺ ዝምታ እንግዲህ የልጄ ድምጽ ነበረች። እኔ የሞተ መስሎኝ የፈራሁባት ዝምታ፣ «አለሁ» እያለችኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት፣ «እና ባልሽስ? የሬዲዮ ነገር መሆኑ ገባሽ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ገብቶኛል። ልጄ ብዙ ጊዜ አስረድቶኛል፤ ማዕበል ነው፣ ሞገድ ነው፣ አንዱ ሌላውን ይነካዋል ይለኛል። እሺ እላለሁ። ግን ወታደሮቹ ገና ማሽላ ውስጥ ሳሉ፣ ዘሀራ እንኳ ሳታያቸው፣ ያቺ መኪና ጭኔ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች። እሷ ባትዞር ኖሮ ጭልፊት የሚለው ጩኸት ሳናስበው ይደርስብን ነበር። ሞገዱ ከወታደር መጣ፤ መኪናዋን ግን ማን አመጣት? ይህን ጥያቄ ለማንም መልሼ አላውቅም፤ እናንተም አትመልሱልኝ።

የተለወጠብኝ ነገር ይህ ነው። ከዚያ በፊት ዝምታ ያስፈራኝ ነበር። ከአሰብ ደብዳቤ ሲቀር፣ ልጅ ሲዘገይ፣ ዝም ካለ ሞቷል እል ነበር። አሁን ዝም ያለብኝ ሰው ሲኖር፣ በጨለማ ውስጥ የሆነ ነገር በጥርሱ ይዞ ይሆናል እላለሁ። ልጆቻቸው ዝም ላሏቸው እናቶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። አያ ይመርንም ከዚያ በኋላ አግኝቼው ነበር፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል፣ «ጉድጓድሽን አናፈስሽው?» አለኝ። «አናፈስኩት አያ» አልኩት። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም፤ እስኪሞትም አልተነጋገርንም።

ያን ዕለት ግን ገና አላለቀም ነበር። ሊመለሱ ይችላሉ። ዘሀራ ዞብል ተራራ ሥር ወንድም አላት፤ ከድር ይባላል። «እዚያ መኪናም ሬዲዮም አይወጣም» አለች። ደሳለ እግሩ እንደጸና፣ ከብት ወደ በረት ሳይመለስ፣ ማሽላ ለማሽላ ተነሳን። ዘሀራ ከፊት፣ ልጄ ከመካከል፣ እኔ ከኋላ። መኪናዋን ከሸሚዙ አውጥቼ በነጠላዬ ጠቅልዬ አዝያታለሁ። ማሽላው ከራሳችን በላይ ነው፤ ነፋስ ሲነካው በየአቅጣጫው ሰው የሚሄድ ይመስላል። አስፋልቱ ላይ ሬዲዮ የያዙ የጦር ካሚዮኖች ሲያልፉ ይሰማናል። ሲያልፉ ጀርባዬ ላይ ያቺ ባዶ ሞተር እንደ ትንኝ ታዜማለች፤ እኛም እንቀመጣለን። ስትተው እንነሳለን። የምትመራን እሷ ነበረች። እየራቅን ስንሄድ ዜማዋ ቀነሰ፣ ቀነሰ። ተራራው ሥር ስንደርስ ቆመች።

ከድር ከበሩ ላይ ቆሞ ተቀበለን። ማን ናችሁ፣ ምን ሆናችሁ አላለም። የልጄን አፍ አይቶ፣ «ግቡ፣ ግቡ። አልሀምዱሊላህ በሉ» አለና ወተት በቅል አቀረበ። ደሳለ በተሰበረው ጥርሱ በኩል ወተቱን እያንጠባጠበ ጠጣ። ዘሀራ ሳቀችበት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ መኪናዋን ከጀርባዬ አወረድኩና ጆሮዬን ሆዷ ላይ አስጠጋሁ። ጭጭ ብላለች።

ደረስን። ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይተነፍሳል። ማንም አልወሰደብኝም።